ነጥብ የሌለው ዜሮ

አቶ ይማም አበጋዝ ያን ዕለት ጧት ከመስጊድ ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው በር «እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዳችን። ስንት ቀን ይቆያሉ?» አላቸው።

በሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያያቸው ዝም ብሎ ነበር የሚከፈተው። የኮምቦልቻ ኮንዶሚኒየም በር ሁሉ የቤቱን ሰው ፊት ያውቃል፤ የቤቱን ሰው ደግሞ አያናግርም። የሚያናግረው የውጭ ሰው ነው። አቶ ይማም ዳቦውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ሳቁ። «ኧረ እኔ ነኝ!» አሉት በሩን፣ ሰው እንደሚያናግሩ ሁሉ። በሩ ጥያቄውን ደገመ። ከላይኛው ፎቅ የምትወርደው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ደረጃው ላይ ቆማ ስታያቸው ጊዜ አፈር አሉና «ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው» አሏት። «ምን ችግር አለው፣ ልጄ እዚያው አይደል የምትሠራው? ታስተካክለዋለች።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረው «አንድ ቀን» አሉት። ተከፈተ።

ራቢያ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና አላለችም።

«ራቢዬ፣ በራችን አብዶልሻል» አሉ አባቷ እየሳቁ። «እንግዳ አለኝ እኮ!»

«ሲስተሙ ነው፣ አባዬ» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»

የምትነግረው ሰው ግን አልነበረም። ያደረገችው ራሷ ናት።

ራቢያ የምትሠራው በከተማው የነዋሪ ቁጥር ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሚሠራበት የኮምፒዩተር ቋንቋ ቀመር ይባላል። በቀመር እያንዳንዱ ሰው ባለ ሁለት ክፍል ቁጥር አለው፤ የሒሳብ መምህራን ውስብስብ ቁጥር የሚሉት ዓይነት። አንደኛው ክፍል እውን ነው፤ ሰውየው የሆነውን ሁሉ ይይዛል፤ ልደቱን፣ ሥራውን፣ ሕመሙን። ሁለተኛው ምናባዊ ነው፤ ወደፊት ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀውን ይይዛል። ቋንቋው ደግሞ ቁጥርን ሁሉ ልክና ግምት ብሎ ይለያል። ልክ የሆነ ቁጥር ነጥብ የለውም፤ ሁለት ሁለት ነው። ግምት የሆነው ግን ሁለትም ቢሆን «ሁለት ነጥብ ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል። ነጥቡ የነካውን አይለቅም። ልክና ግምት ቢደመሩ ድምሩ ግምት ነው፤ ቢባዙም ያው። በአንዱ ክፍል ነጥብ ከገባ ቋንቋው በሌላውም ያገባበታል። ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ግምት የሆነ ሰው በቀመር ውስጥ የለም።

ቋንቋውን ለሠሩት ሰዎች ይህ ሥራ ለማቅለል የተደረገ ነገር ነበር። ለከተማው ሰው ግን ኑሮ ሆነ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ሰልፍ አለ። ልጅ ሊያጋቡ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ «ልክ ናት ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆች ሲጣሉ «ነጥባም!» ይባባላሉ። ታክሲው ሾፌር ከተወው ቆይቷል፤ ረዳቱ ግን አልተለየውም፤ እሱም ነጥብ ያለበትን ተሳፋሪ ከኋላ ያስቀምጣል። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘ ማንም የለም።

አቶ ይማም ነጥብ አለባቸው። የተወለዱት ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ በሚሸሽበት ወቅት፣ መንገድ ላይ ነው። እናታቸው ቀኑንም ወሩንም አታውቀውም፤ ዝናብ ይጥል እንደነበር ብቻ ታውቃለች። ስለዚህ ልደታቸው ግምት ነው። በጉልምስናቸው ዘመን፣ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱበት፣ ይህ ነገር ቁብ ሰጥቷቸው አያውቅም። በኋላ መኪኖቹ በራሳቸው መሄድ ጀመሩ፤ እሳቸውም እቤት ዋሉ። ባለቤታቸው ሲሞቱ ከአንድ ልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ የሰው ነጥብ የራሱ ብቻ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ማዕከሉ የወላጅን ቁጥር በልጅ፣ የልጅንም በልጅ ልጅ ላይ መደመር ጀመረ። በአንድ ጧት ራቢያ ነጥብ ገባባት፤ ልጇ ሉባባም ገባባት።

ራቢያ ስለ ራሷ ብዙም አልከፋትም። የቆዩ ሠራተኞችን ማዕከሉ አልነካም። ያንገበገባት የሉባባ ነገር ነው። ሐይቅ ከተማ የተከፈተው የሕክምና አዳሪ ትምህርት ቤት ልክ የሆኑ ልጆችን ብቻ ይቀበላል፤ ሉባባ ደግሞ ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ የድመት እግር ሲሰበር እንኳ በቄጠማ የምታስር ልጅ ናት።

«እኔ ምንም አላልሁም» አለ ባለቤቷ እንድሪስ አንድ ቀን፣ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ። «አባትሽን እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ግን ልጅቱ ምን አጠፋች?»

«እሳቸውስ ምን አጠፉ?»

«ምንም። ማንም ምንም አላጠፋም። ሰነፍ ብትሆን እንኳ እንተወው ነበር።»

ሌላ መጨመር አላስፈለገውም፤ ራቢያ መውጫውን ከእሱ በፊት ታውቀዋለች። በቀመር ነጥብን የሚያሸንፍ አንድ ቁጥር አለ፤ እሱም ነጥብ የሌለው ዜሮ ነው። የትኛውም ግምት፣ ምን ያህል ቢገዝፍ፣ በልክ ዜሮ ከተባዛ ልክ ዜሮ ይሆናል። የወላጅ ቁጥር ደግሞ ልጅ ላይ የሚደመረው በዝምድናቸው መጠን ከተባዛ በኋላ ነው። በወለደና በተወለደ መካከል መጠኑ አንድ ነው። ዜሮ ቢሆን ግን ወላጅ ከነነጥቡ ይጠፋል።

መጠኑን ማንም ከውስጥ ገብቶ መለወጥ አይችልም፤ ባለጉዳዩ ራሱ የአገልግሎት መስኮት ላይ ቀርቦ በአፉ መናገር አለበት። ራቢያ በኮምቦልቻ ሰው ያውቀኛል ብላ ደሴ ወዳለው መስኮት ወጣች። ተራዋ ደርሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ይማም አበጋዝ የሚባሉት ሰው አባቴ አይመስሉኝም» አለች።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት። ዓይኗን ከፊቷ ካለው ነገር አላነሣችም። «‹አይመስሉኝም› ካሉ ነጥብ ያለበት ዜሮ ነው የሚሆነው። እሱ ደግሞ ምንም አያጸዳም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እኔ ይህን ይበሉ አልልዎትም። የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት።»

«አባቴ አይደሉም» አለች ራቢያ።

«ከነስማቸው። ጮክ ይበሉልኝ፣ ድምፁ አልገባም።»

«ይማም አበጋዝ አባቴ አይደሉም።»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጫጫታ ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት ራቢያ አባቷን ሳታውቅ ያደገች መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ስታልፍም እጇን ያዝ አደረጉና «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ አባት ላጣም አላህ አለው» አሏት። ራቢያ «አሚን» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ቤቷ ድረስ ቀና ብላ የሰው ፊት አላየችም። ደርሳ ስትገባ አቶ ይማም በሩ ድረስ መጥተው ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበሏት፤ ደክሟት መስሏቸው ነው።

በማግስቱ ነበር በሩ «እንግዳችን» ያላቸው።

ከዚያ ወዲያ በሩ ሳይጠይቅ ያሳለፋቸው ቀን የለም። እሳቸውም «አንድ ቀን» ማለቱን ለመዱት፤ ሰላምታ አደረጉት። ውሃው ግን ሳቃቸውን ወሰደው። ቧንቧው ለእንግዳ የተመደበውን ያህል ይሰጥና ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ለሶላት ውዱእ እያደረጉ፣ አንድ እግራቸውን ታጥበው ሌላውን ሳይደርሱበት ቆመ። ሉባባ ሮጣ ሄዳ እጇን ከቧንቧው ሥር ዘረጋች፤ ለእሷ ፈሰሰ። እጇን ሳትመልስ፣ አያቷ ከእሷ ጣት የሚንጠባጠበውን ውሃ በእግራቸው ተቀበሉት። ራቢያ ከጓዳ ወጥታ ይህን አየች፤ አይታም ወደ ጓዳ ተመለሰች።

«ነገርሻቸው ወይ፣ ራቢዬ?» አሏት በኋላ።

«ነግሬአቸዋለሁ፣ አባዬ። ወረፋ ነው አሉ።»

«መቼም ወረፋ የሌለበት የለም» አሉ፣ እሷን ለማጽናናት ያህል።

የሉባባ ስም ሐይቅ ከተቀበላቸው ልጆች መካከል ወጣ። ቤቱ በደስታ ሞላ፤ ከሁሉም የባሰባቸው አቶ ይማም ነበሩ። ለጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ እየዞሩ ነገሩ። «የማደርሳት እኔ ነኝ» አሉ። «ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።» እንድሪስ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የእንግዶችን ቆይታ የሚቆጣጠረው ሰው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ትሑት ወጣት ነው፤ ጫማውን ደጃፉ ላይ ለማውለቅ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር። በዚህ ቤት አንድ እንግዳ ከተፈቀደው በላይ ተቀምጠዋል የሚል ነገር ደርሶታል። ወይዘሮ አስካለ የሕንፃው ኮሚቴ አባል ስለሆነች አብራው መጥታለች። አቶ ይማም ሶፋው ላይ፣ ሉባባ አጠገባቸው ነበሩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ወጣቱ። ወደ ራቢያ ዞረ። «እኚህ ሰው ምንዎ ናቸው?»

ራቢያ አፏን ከፈተች። «አባቴ» ብትል የሐይቁ ነገር አበቃ፤ በሐሰት መናገሯም ይወጣል። «እንግዳ» እንዳትል ወይዘሮ አስካለ ፊቷ ቆማለች። ሉባባ «አያ...» ብላ ስትጀምር አቶ ይማም እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

ልጃቸውን አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ወጣቱ እየጠበቀ ነበር። ራቢያ በዚያ ዝምታ ውስጥ የአባቷ ፊት ሲለወጥ አየች፤ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ የበሩን፣ የውሃውን፣ የወረፋውን ነገር አንድ በአንድ ገጣጠመ፣ ከዚያም ረጋ አለ። እሷም ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ጣለች።

«የአባቷ ወዳጅ ነኝ» አሉ አቶ ይማም። «አንድ መንገድ ነበር የምንነዳው። ሳልፍ ሳገድም እዚህ ያሳርፉኛል። ነገ መንገደኛ ነኝ።»

«አባታቸውስ የት ናቸው?»

«እሱማ ሞቷል።»

«አላህ ይዘንላቸው» አለ ወጣቱ በሐዘኔታ፣ ከልቡ። አመስግኖ ወጣ። ወይዘሮ አስካለ ተከተለችው፤ ስትወጣ የማንንም ዓይን አላየችም፤ በሩንም ሕመምተኛ እንዳለበት ቤት በቀስታ ዘጋችው።

«አባዬ» አለች ራቢያ።

«ልጅቱ ትሰማለች» አሏት።

በማግስቱ ጧት ትንሽ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ባቲ አንድ የድሮ የመንገድ ጓደኛ አላቸው፤ ሙሄ ይባላል፤ ሻይ ቤት አለው። እንግዳ ሲሄድ እንደሚያደርገው ቆመው ቤቱን መረቁ። ራቢያ ሻንጣውን ታክሲው ድረስ ተሸከመችላቸው። አይሂዱ አላለችም። ይህን በኋላ ለራሷ ስትነግረው እንኳ ድምፅ አውጥታ መናገር አልሆነላትም፤ አይሂዱ አላለችም። ረዳቱ አቶ ይማምን ከኋላ፣ ጎማው ላይ ካለው ወንበር አስቀመጣቸው።

ሉባባ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚያስፈልጋትን ልብስ ስታጥፍ ነበር የጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አባባ ለምን አባትሽ ሞቷል አሉ?»

ራቢያ ሁሉንም ነገረቻት። መደበቅ ሰልችቷት ነበር። ነግራት ስትጨርስ ግን «ለአንቺ ብዬ ነው» አለች።

ልጅቱ ልብሱን አስቀመጠች። «እኔ መቼ ጠየቅሁሽ?» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም።

ሰኞ ራቢያ ባቲ ወረደች። የገበያ ቀን ነው፤ ግመሉም፣ ሰውም፣ ሾፌር አልባውም መኪና መንገዱን ሞልቶታል። የሙሄን ሻይ ቤት ጠይቃ አገኘችው። አባቷ ከሦስት አራት ጡረተኛ ሾፌሮች ጋር ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ተነሡና ወደ ደጅ መሯት፤ ለሰዎቹ አላስተዋወቋትም።

«ልጅቱ ደህና ናት?» አሉ።

«ደህና ናት። አባዬ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

የሚያልፈውን ገበያተኛ ተመለከቱ። «ያ ተቆጣጣሪ ልጅ ሲጠይቅሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወዲያው አልመለስሁለትም። አየሽ ወይ?»

«አይቻለሁ።»

«ቆየሁ። አውቄ ነው የቆየሁት። ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ጊዜ ልስጣት፣ ትናገር ይሆናል ብዬ ነው።»

ራቢያ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ እንባ እንኳ አልመጣላትም፤ ፊቷን ብቻ እሳት እንደላሰው ተሰማት።

«በይ ሂጂ» አሏት። «ልጅቱ ትማር። ከሆነ አይቀር ትማር።»

ወደ ኮምቦልቻ ተመልሳ ደሴ ሄዳ ያንን ቃሏን ልትመልስ ማሰቧን ለእንድሪስና ለሉባባ ነገረቻቸው። እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሣ። «መጀመሪያ አባትሽን አጣሽ» አለ፣ «አሁን ደግሞ የልጅሽን ዕድል ልታጠፊ ነው። ሁለቱንም!» እውነቱን ነበር፤ ስለዚህ አልተከራከረችውም። ሉባባ አለቀሰች። ሐይቅን ፈልጋው ነበር፤ አልዋሸችም፤ ክፉኛ ፈልጋው ነበር። አድርጊው አላለችም፣ አታድርጊውም አላለችም። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ «አባባ ጋ ስትሄጂ እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ደሴ መስኮቱ ላይ ያችው ጸሐፊ ነበረች።

«ይማም አበጋዝ አባቴ ናቸው» አለች ራቢያ። ማንም ሳያዛት ጮክ ብላ ነው የተናገረችው።

«ባለፈው አይደሉም ብለዋል።»

«ዋሽቼ ነው።»

ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሣች። ራቢያ እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም፤ ንቀት አልነበረም፤ ሰው መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ሲያይ እንደሚያደርገው ነበር። «ነጥቡ በእርስዎም በልጅዎም ላይ ይመለሳል። ቃል ለውጠዋልና ከእርስዎ ላይ መቼም አይነሣም። ሥራ ካለዎት...»

«አለኝ። እዚያው ማዕከሉ ነው የምሠራው።»

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም። «እሺ፣ ይድገሙልኝ» አለች ብቻ።

ማዕከሉ ወዲያው አሰናበታት። የቆየ ሠራተኛ ነጥብ ቢታለፍም፣ ቃል የለወጠ ሰው ቀመርን አይነካም፤ አለቃዋ ይህን ሲነግራት ጠረጴዛዋን ራሷ እንድታጸዳ እንኳ አልፈቀደም፤ ዕቃዋን ሌላ ሰው በፌስታል አድርጎ ደጅ ድረስ አወጣላት። የሐይቁ ትምህርት ቤት የሉባባን ስም ሰረዘ። ወይዘሮ አስካለ ደረጃው ላይ ስታገኛት «ደህና አደርሽ» አለቻት፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ራቢያ ግን በዚያች ሰላምታ ውስጥ አስካለ ሁሉንም እንደምታውቅ አወቀች።

በሚቀጥለው ሰኞ እናትና ልጅ ባቲ ወረዱ፤ ከኋላ፣ ጎማው ላይ ተቀምጠው። አቶ ይማም ሉባባን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ አቅፈው ሳሟት። ከዚያ «ትምህርቱስ? ዛሬ መሄጃሽ አልነበረም ወይ?» አሏት። ሉባባ እናቷን አየች። ራቢያ ነገረቻቸው።

አቶ ይማም ቁጣቸው መጣ። ሾፌሮቹ እየሰሙ፣ ሙሄ የሻይ ብርጭቆ ይዞ እንደቆመ፣ «ማን አድርጊ አለሽ?» አሉ። «ማን አለሽ? አሁን እኔን የልጅቱን ትምህርት የነጠቅሁ አደረግሽኝ! ያኔም ሳትጠይቂኝ፣ አሁንም ሳትጠይቂኝ!» ድምፃቸው ተቆረጠ። ተቀመጡ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ራቢያ ቆማ ቀረች፤ የምትሄድበት አልነበራትም፤ ተቀመጪ ያላትም የለም።

ብዙ ቆይተው፣ ሳያዩዋት፣ «ምሳ በልታችኋል?» አሉ።

«አልበላንም» አለች ሉባባ።

«ሙሄ» አሉ። «ለልጄና ለልጅ ልጄ ሩዝ አቅርብልኝ።»

ከሾፌሮቹ አንዱ ዞር አለ። «ይማም፣ ልጅ አለችህ እንዴ?»

«አለችኝ» አሉ አቶ ይማም። ሌላ አልጨመሩም።

ሩዙ በትልቅ ትሪ ከሥጋው ጋር መጣ። ሉባባ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች፤ ራቢያ ከፊት ለፊታቸው። አዛውንቶቹ ሰው ሲበላ አይታይም ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ፤ አንዱ ግን እያሰለሰ ያያት ነበር። ራቢያ እጇን ወደ ትሪው አልሰደደችም። አባቷ ግን ከሥጋው ቆረስ አድርገው በእሷ በኩል ገፉላት፤ ገፍተውም እስክታነሣው ይጠብቁ ጀመር። ራቢያ አንገቷን እንደደፋች አነሣችው። በላችው።